ወደ ቢዣጎስ ደሴቶች የሚሄድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

የአዲስ አበባ ሰው ባህር ሲያምረው ሞምባሳ ይላል፤ ዛንዚባር ይላል፤ ኪሱ ሞላ ያለለት ደግሞ ዱባይ ይላል። ምዕራብ አፍሪካ የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ዳካርን፣ አክራንና ሌጎስን በስብሰባ ምክንያት የረገጥን ባለሙያዎች ጥቂት አይደለንም። የምናውቃቸው ግን ከአዳራሽና ከሆቴል ሳሎን ነው። አበሉ ሲያልቅ ሻንጣችንን ይዘን ወደ ቤታችን። በዚህ ዓምድ ላይ የምጽፈው ስለ ሕግና ስለ መንግሥት ነው። ሆኖም የአንዳንድ ወዳጆቼ ጥያቄ ስለበዛብኝ፣ ዛሬ ስለ አንድ ሩቅ ሥፍራ የማውቀውን ላስፍር። ሥፍራው ጊኒ ቢሳው ውስጥ የሚገኘው የቢዣጎስ ደሴቶች ስብስብ ነው። ሕጉም ቢሆን እዚያ ድረስ ተከትሎኝ እንደሄደ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ጊኒ የሚባሉ አገሮች ስለሚበዙ መጀመሪያ እንለያቸው። ኮናክሪን ዋና ከተማው ያደረገው ጊኒ አለ፤ ነዳጅ ያለው ኢኳቶሪያል ጊኒ አለ፤ በሴኔጋልና በመጀመሪያው ጊኒ መካከል የተሸጎጠው ደግሞ ጊኒ ቢሳው ነው። ስፋቱ 36 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቡ ሁለት ሚሊዮን አካባቢ ነው። የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበር። አሚልካር ካብራል የመራው የትጥቅ ትግል አገሪቱን ለነፃነት አበቃት። እሱ ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1973 ኮናክሪ ላይ ስለተገደለ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 24 የታወጀውን ነፃነት አላየም። ፖርቱጋል እውቅና የሰጠችው በ1974 ነው። የመንግሥት ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ቢሆንም ገበያው፣ ወደቡና ጀልባው የሚነጋገሩት ክሪዮል በሚባለው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው ማግኘት ዕድል ነው፤ ፈረንሳይኛ ከሴኔጋል ቅርበት የተነሳ ትንሽ ይሻላል።

ደሴቶቹ ከአገሪቱ ጠረፍ ፊት ለፊት አትላንቲክ ውስጥ ተበትነዋል። ትልልቁም ትንንሹም ተቆጥሮ 88 ናቸው ይባላል። ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባቸው ግን ሃያ ቢሆኑ ነው። የጥንት ወንዝ ደለል የፈጠራቸው ስለሆኑ ባህሩ በመካከላቸው ጥልቅ አይደለም። በዚህ ላይ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሙላቱና ጉድለቱም በሜትሮች የሚቆጠር ነው። ጠዋት በጀልባ ያለፋችሁበት ሥፍራ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ወፍ ሲመላለስበት ታገኙታላችሁ። ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በዚህ ረገድ የሚበልጠው የሞሪታኒያው ባንክ ዳርጌን ብቻ ነው። ዩኔስኮ አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ1996 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው። በጁላይ 2025 ደግሞ ከፊሉ በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ ለጊኒ ቢሳው የመጀመሪያው ነው። ከዚህ በኋላ ጎብኚ እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም። አሁን መጻፌም አንድም ለዚሁ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ቀላሉ መንገዱ በአየር ዳካር ገብቶ፣ ከዚያ በሌላ አውሮፕላን ቢሳው መድረስ ነው። እኔ የሄድኩት ግን በየብስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ጉባዔ ላይ ለመገኘት ባንጁል ነበርኩ። ኮሚሽኑ ከ1989 ጀምሮ መቀመጫው ጋምቢያ ነው፤ የጠበቃ ዘር የሆነ ሁሉ አንድ ቀን እዚያ መድረሱ አይቀርም። ስብሰባው ሲያልቅ የቀሩኝን የዕረፍት ቀናት ይዤ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ከጋምቢያ ወደ ሴኔጋሏ ዚጊንሾር፣ ከዚጊንሾር ወደ ቢሳው ማለት ነው። የምትሳፈሩት ሴት ፕላስ በሚባለው ታክሲ ነው። ትርጉሙ ሰባት ወንበር ማለት ሲሆን፣ በአብዛኛው ዕድሜው የገፋ ፔጆ ነው። ሰባት ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል። የእኛን አገር መናኸሪያ ለሚያውቅ ሰው ምኑም አዲስ አይሆንበትም፤ ረዳቱ የሚጮህበት ቋንቋ ብቻ ነው የሚለየው። የጊኒ ቢሳውን ቪዛ ዚጊንሾር ካለው ቆንስላ ነው ያገኘሁት። ቢሆንም የቪዛ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጠየቀውን ሳያጣሩ መነሳት ደግ አይደለም። ዚጊንሾር ያለችበት የካዛማንስ ግዛት ከ1982 ጀምሮ የመገንጠል ውጊያ ሲካሄድበት የኖረ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ሕዝብ በሰላም ይመላለሳል፤ ፈንጂ የተቀበረበት መሬት ስላለ ግን ለሽንትም ቢሆን ከአስፋልቱ ርቆ ጫካ መግባት አይመከርም።

አሁን ወደ ባህሩ እንምጣ። የዚህ ጉዞ ከባዱ ጉዳይ እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከቢሳው ወደ ዋናዋ የደሴቶቹ ከተማ ቡባክ የሚሄድ መርከብ አለ። የቆየው ልማድ አርብ ሄዶ እሁድ መመለስ ነው። የሚነሳበት ሰዓት በባህሩ ሙላት ስለሚወሰን በየሳምንቱ ይለያያል። ጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ሩዝ በጆንያ፣ ፍየል፣ ፍራሽ፣ ሞተር ብስክሌት፣ ሲሚንቶ፣ ሠርገኛና ለቀስተኛ አብሮ ይጫናል። ይህ መርከብ የማይመቸው ሰው በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው የሎጅ ባለቤቶች የሚልኩት ፈጣን የሞተር ጀልባ ነው፤ ዋጋው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ነዳጁ በሙሉ ከዋናው ምድር ተጓጉዞ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ፒሮግ የሚባለው ከእንጨት የተሠራ ረጅም ጀልባ ሲሆን፣ የአካባቢው ሰው የሚሳፈረው በዚህ ነው። ርካሽ ነው። አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2002 ለ ዡላ የተባለው የሴኔጋል መንግሥት መርከብ ከዚጊንሾር ወደ ዳካር ሲጓዝ ጋምቢያ ጠረፍ ላይ ተገለበጠ። መርከቡ የተፈቀደለት ለ580 ሰው ገደማ ነበር፤ የጫነው ግን የዚህን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከ1,800 በላይ ሰው አለቀ። በሕይወት የተረፉት 64 ብቻ ናቸው። በቁጥር ሲታይ ከታይታኒክ ይበልጣል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ አሥር የተማረ ሰው ብትጠይቁ ዘጠኙ ታይታኒክን እንጂ ለ ዡላን አያውቅም። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሥልጣን ወረዱ፤ የሴኔጋል ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ ጥፋቱን በሰጠመው የመርከቡ አዛዥ ላይ አድርጎ መዝገቡን ዘጋው። ሟች አይከራከርም። ጊኒ ቢሳው ውስጥም በዲሴምበር 2012 ከቦላማ ወደ ቢሳው የምትመጣ ፒሮግ ሰጥማ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሁለቱም አደጋ ዋና ምክንያት አንድ ነው፤ ከልክ በላይ መጫን።

ስለዚህ የነፍስ አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው የሌለውን ጀልባ አትሳፈሩ። «አለ» ሲሏችሁም አውጥተው ያሳዩአችሁ። ሞተሩ አንድ ብቻ ከሆነ መለዋወጫ ሻማና የተረፈ ነዳጅ መኖሩን ጠይቁ። እኔ ከቡባክ ወደ ኦራንጎ ስሄድ መሀል ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ሁለት ሰዓት ያህል ውኃው ወዳሻው እየወሰደን ቆየን። የጀልባው ልጅ፣ ዕድሜው ከአሥራ አምስት አይበልጥም፣ ሻማውን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ እያሸ ሲያጸዳ እኔ ደግሞ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። ልጁ ምንም አልመሰለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚበረታ ረጅሙን መንገድ ጠዋት መጨረስ ይሻላል። ሌሊት በፒሮግ መሄድ ግን በምንም ዋጋ አይሆንም።

ቡባክ ትንሽ ከተማ ናት። ገበያ፣ ጥቂት ማረፊያ ቤቶች፣ አንድ የጤና ተቋምና ብዙ ፍየል አላት። መብራት ከጄኔሬተር ወይም ከጸሐይ የሚገኝ ስለሆነ ሲመጣም ሲሄድም አይደነቁ። ጥሩው የባህር ዳርቻ በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ላይ ነው፤ ከከተማው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብስክሌት ተከራይቶ በዘንባባው መካከል መሄድ ነው። ስትደርሱ ረጅም ነጭ አሸዋ አለ፤ ሰው የለም፤ ለስላሳ የሚሸጥም የለም፤ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። ውኃው ውስጥ ስትገቡ እግራችሁን አታንሱ፤ እየጎተታችሁ ተራመዱ። ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ ያለው ሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋው ውስጥ ይተኛል። እግር ሲጎተት ሰምቶ ይሸሻል፤ ከረገጣችሁት ግን ይወጋል። በደሴቶቹ መካከል ያለው የውኃ ግፊት ኃይለኛ ስለሆነ «ያቺ ደሴት ቅርብ ናት፣ ዋኝቼ ልድረስ» የሚል ሰው ቢኖር ይከልከል።

ምግቡ ሩዝና ዓሣ ነው፤ ዓሣና ሩዝ ነው፤ በቀይ የዘንባባ ዘይት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቤታችንን ክርክር ይዞ የሄደ ጾመኛ እዚያ ብዙ ምርጫ አይኖረውም።

ኦራንጎ ግን ሌላ ነው። ከ2000 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ይህ ሥፍራ የታወቀው በጉማሬዎቹ ነው። ጣና ወይም ጫሞ ላይ ጉማሬ ያየ ሰው «ለጉማሬ ብሎ ማን አትላንቲክ ድረስ ይሄዳል?» ሊል ይችላል። የእነዚህ ልዩነት ወደ ጨው ውኃው መውጣታቸው ነው። ከኩሬያቸው ተነስተው ማንግሮቩን አቋርጠው ባህር ይገባሉ፤ ለመጠጥ ደግሞ ወደ ጨው አልባው ኩሬ ይመለሳሉ። የሚታዩት ቁመቱ ሰው የሚያክል ሣር ውስጥ በእግር ተሂዶ ነው። መንገድ የሚመራው የአካባቢው ሰው ከፊት ይሄዳል፤ ቁሙ ሲል መቆም፣ ዝም በሉ ሲል ዝም ማለት ነው። ጉማሬ በሰው ላይ የሚያደርሰውን እኛ አገር የማያውቅ ስለሌለ አላስረዝመውም።

ኦራንጎ ውስጥ ኤቲኮጋ የሚባል መንደር አለ። በ1930 ያረፈችው ንግሥት ኦኪንካ ፓምፓ የተቀበረችው እዚያ ነው። ፖርቱጋሎች ደሴቶቹን በጦር ሊይዙ ሲመጡ ተከላከለች፤ በኋላም ከእነሱ ጋር የሰላም ውል ተዋውላ ሕዝቧን ከእልቂት አተረፈች። ቢዣጎሶች ሁሉም እንዲህ በውል አልጨረሱም፤ የካኛባክ ደሴት ሰዎች እስከ 1936 ድረስ ተዋግተዋል። ዓድዋን ደጋግመን ለምንተርክ ለእኛ ይህን ማወቅ አይከፋም። በነገራችን ላይ ኦራንጎ ላይ የትዳር ጥያቄ የሚመጣው ከሴቷ ወገን ነው። በልማዱ ሴቷ ምግብ ሠርታ ለመረጠችው ወንድ ታቀርባለች፤ ከበላ ተስማማ ማለት ነው። ቤቱንም የምትሠራው፣ ባለቤቱም እሷ ናት። ይህ ልማድ ዛሬ በሁሉም ቤት እንዳለ አይደለም፤ ወጣቱ ቢሳው ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፣ አዳዲስ እምነቶችም ገብተዋል። አሮጊቶቹ ግን የሚናገሩት በኩራት ነው።

እንግዲህ የሕግ ሰው ነኝና ወደሚያብሰለስለኝ ነገር ልግባ። የጀብዱ ጉዞ ወዳዶች የሚያሳሳቅ አንድ ሐረግ አላቸው፤ «ሰው ያልረገጠው ደሴት» ይላሉ። ፎቶ ላይ ሲታይ እውነት ይመስላል። አሸዋው ላይ ኮቴ የለም፤ ጎጆ የለም። ታዲያ ድንኳን ተክሎ፣ እሳት አንድዶ ሁለት ሌሊት ማደር ምን ነውር አለው? ነውር አለው። ሰው የማይኖርበት ደሴት ባለቤት የሌለው ደሴት ማለት አይደለም። በቢዣጎስ እያንዳንዱ ባዶ የሚመስል ደሴት በሌላ ደሴት ላይ የሚኖር አንድ መንደር ወይም ጎሣ ርስት ነው። በወቅቱ መጥተው ሩዝ ይዘራሉ፣ ዘንባባ ይለቅማሉ፣ ለወጣቶቻቸው የዕድሜ ሥርዓት ያደርሳሉ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። መሬቱ ያርፋል። አንዳንዱ ደሴት ደግሞ የተቀደሰ ነው፤ ደም ማፍሰስ፣ ሬሳ መቅበር፣ ወንድና ሴት መተኛት ክልክል ነው።

ሕጉም ይህን በከፊል ያውቀዋል። በ1998 የወጣው የጊኒ ቢሳው የመሬት ሕግ መሬት የመንግሥት ነው ይላል፤ በልማድ ሲጠቀሙበት ለኖሩ ማኅበረሰቦች ግን የመጠቀም መብታቸውን ይጠብቃል። የእኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ለሚያውቅ አንባቢ ዜማው የታወቀ ነው፤ ችግሩም እንደዚያው። ወረቀት ያለው ባለሀብትና ወረቀት የሌለው መንደር ሲገናኙ ማን እንደሚረታ ለመገመት ሕግ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ደሴቶቹ ላይ የውጭ ሰዎች ሎጅ ከሠሩ ቆይተዋል። አንዳንዱ ከመንደሩ ጋር ተስማምቶ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እየደገፈ ይሠራል። አንዳንዱ ግን ከባለሥልጣን ጋር እንጂ ከሽማግሌ ጋር አልተነጋገረም። ማረፊያ ስትመርጡ «ይህ መሬት የየትኛው መንደር ነው? መንደሩ ምን ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተንተባተበ ሌላ ቦታ እደሩ።

ወደ መንደር ስትገቡ በቅድሚያ አለቃውን መሳለም፣ ካህኗ ያለችበት ሥፍራ ከሆነም ፈቃዷን መጠየቅ ደንብ ነው። የሸንኮራ አረቄና ትንባሆ ይቀርባል፤ ጥቂቱ መሬት ላይ ይፈስሳል። አስጎብኚያችሁ ይህን ያዘጋጃል። ይህን እንደ ትርኢት የሚያየውና ካሜራውን የሚደቅን ፈረንጅ አይቻለሁ። እኔ ያየሁት የፈቃድ ሥርዓት ነው፤ አመልካች አለ፣ ክፍያ አለ፣ ውሳኔ ሰጪ አካል አለ። እምቢም ሊባል ይችላል።

የዚህ ልማድ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ፖይላኦ በምትባለው ደቡባዊ ደሴት ላይ ነው። ትንሽ ናት። ነገር ግን አረንጓዴው የባህር ኤሊ እንቁላሉን ከሚጥልባቸው የአፍሪካ ሥፍራዎች ቀዳሚዋ እሷ ናት። ኤሊዎቹ በብዛት የሚወጡት በኦገስትና በሴፕቴምበር ሌሊቶች ነው፤ ግልገሎቹ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ይፈለፈላሉ። አካባቢው በ2000 የባህር ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ሁሉ ኤሊዎቹን ያቆያቸው ግን ዘበኛ አይደለም፤ ደሴቷ የተቀደሰች ናት፣ ያለ ሥርዓት አይረገጥም የሚለው የቢዣጎሶች ሕግ ነው። ዛሬ ለመሄድ የአገሪቱ የብዝኃ ሕይወትና የጥብቅ ሥፍራዎች ተቋም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሌሊት ነጭ የእጅ ባትሪ አይበራም፤ ኤሊዋ ደንግጣ ሳትጥል ትመለሳለችና። በ2005 ደግሞ ኡሮክ በሚባሉት ሦስት ደሴቶች ዙሪያ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የባህር ጥብቅ ክልል ተቋቁሟል። ከየት መጣህ የማይባል ትልቅ ዓሣ አስጋሪ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ከደሴቶቹ ወጣ ባለው ባህር ግን ይገባሉ። ጊኒ ቢሳው በ2009 ለዓሣ አስጋሪ መርከቦች ያለ ፈቃድ ነዳጅ ሲያድል ያገኘችውን «ቨርጂኒያ ጂ» የተባለ የፓናማ መርከብ ያዘችና ወረሰችው። ሃምቡርግ ያለው ዓለም አቀፉ የባህር ሕግ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2014 በሰጠው ፍርድ አገሪቱ በባህሯ ላይ እንዲህ ያለውን ነዳጅ እደላ የመቆጣጠር መብት እንዳላት አረጋገጠ፤ መርከቡን መውረሷ ግን ከልክ ያለፈ ነው አለ። የተማሪ ቤት ጓደኞቼ ይህን ፍርድ ፈልገው ቢያነቡት አይጸጸቱም።

የማይወራ ነገርም አለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ከደቡብ አሜሪካ ወደ አውሮፓ የሚሻገር ኮኬይን በእነዚህ ደሴቶች በኩል ያልፍ ነበር፤ በ2013 የቀድሞው የባህር ኃይል አዛዥ በአሜሪካ ወኪሎች ባህር ላይ ተይዞ ኒውዮርክ ተወስዷል። መንገደኛን በቀጥታ የሚነካው ነገር የለም። ብቻ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳን፣ ወታደርንና ወደብን ፎቶ አታንሱ፤ ያልተጠየቃችሁትንም አትጠይቁ። የቢሳው ፖለቲካ እንደ ባህሩ የሚሞላና የሚጎድል ነው። አገሪቱ ብዙ መፈንቅለ መንግሥት አይታለች፤ በኖቬምበር 2025 እንኳ ከምርጫ ማግስት ወታደሮች ሥልጣን ይዘዋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ድንበሩና አየር ማረፊያው ለቀናት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የመመለሻ ትኬታችሁንና የሥራ ቀናችሁን ጥግ ለጥግ አታድርጉ። ዜና ሳይሰሙ መሄድ ድፍረት አይባልም።

ጤናን በተመለከተ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ለፎርማሊቲ የሚመስላቸው አሉ። አገራችን ውስጥ ከ1960 እስከ 1962 ድረስ ደቡብ ምዕራቡን የመታው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ገድሏል። ወባውም ከባዱ ዓይነት ነው፤ እኛ ደገኞች ደግሞ አቅም የለንም። መከላከያውን ኪኒን ሐኪም አማክራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጀምሩ፤ አጎበር ያዙ። ከባድ ሕመም ቢገጥም ደሴቶቹ ላይ የሚሆን ነገር የለም። የአስቸኳይ ሕሙማን ማጓጓዣን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ሳይኖር ወደዚህ መሄድ ለቤተሰብ ዕዳ መተው ነው። ገንዘቡ ሴፋ ፍራንክ ነው፤ ከዩሮ ጋር ያለው ምንዛሪ የተቆረጠ ነው፣ አንድ ዩሮ 655.957 ፍራንክ። ደሴቶቹ ላይ በካርድ እከፍላለሁ ማለት ዘበት ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ በትንንሹ ዘርዝራችሁ ከቢሳው ያዙ። ደረቁ ወራት ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ነው። ከጁን እስከ ኦክቶበር ይዘንባል፣ ባህሩም ይከፋል፤ ኤሊዎቹ ግን የሚወጡት በዚያው ጊዜ ነው። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው።

ጊዜ ያለው ሰው ወደ ዋናው ምድር ከመመለሱ በፊት ቦላማን ይይ። እስከ 1941 ድረስ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች፤ አሁን ትልልቅ ዓምድ ያላቸው ሕንፃዎቿ ጣሪያቸው ወርዶ ዛፍ በቅሎባቸዋል። በ1792 የእንግሊዝ ሰዎች «ባዶ መሬት አገኘን» ብለው 275 ሆነው ለሠፈራ ተነሱ። ደሴቷ ላይ ሲወርዱ ማንንም አላስፈቀዱም፤ የካኛባክ ቢዣጎሶች መጥተው ወጓቸው። መሪያቸው ፊሊፕ ቢቨር ዘግይቶ ከአለቆቹ ጋር ተዋውሎ ደሴቷን ገዛ፤ ቀጥሎ ቢያፋዳ የሚባሉት የዋናው ምድር ሰዎችም የእኛ ናት ስላሉ ከእነሱም ተዋዋለ። ሆኖም በሽታው ጨረሳቸው፤ በ1793 መጨረሻ የቀሩት ጥቂቶች ለቀው ሄዱ። እንግሊዝ ግን ውሉን አልረሳችም። በ1860 ደሴቷ የእኔ ናት አለች፣ ፖርቱጋል እምቢ አለች፣ ጉዳዩ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንት ለግልግል ቀረበ። ግራንት በኤፕሪል 1870 ለፖርቱጋል ፈረዱ። ቢዣጎሶችንም ቢያፋዳዎችንም በዚያ ችሎት የጠራቸው የለም። ፖርቱጋሎች ለዳኛው ሐውልት አቆሙላቸው፤ ሐውልቱ በ2007 ተሰርቆ ነበር።

ሌላም ሐውልት አለ። በጃንዋሪ 1931 ኢታሎ ባልቦ እየመራ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ከቦላማ ከተነሳው የጣልያን የባህር አውሮፕላን ቡድን አምስት አብራሪዎች ሲነሱ ተከስክሰው ሞቱ። ሞሶሊኒ መታሰቢያ አሠራላቸው፤ የተሰበረ ክንፍ ቅርፅ ያለው ድንጋይ። ከአራት ዓመት በኋላ አውሮፕላኖቹን ወደ የት እንደላከ እኛ ነን የምናውቀው። ስሙን ዘንባባ ሥር ተጽፎ ሳገኘው ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት።

ከቦላማ ፊት ለፊት ሳኦ ዥዋኦ የሚባል መንደር አለ፤ በታንኳ የሚሻገሩት ጠባብ ውኃ ነው። ከዚያ ፉላኩንዳን አልፎ ወደ ቢሳው የሚወስደው መንገድ ረጅምና አቧራማ ነው። ዳግም ባህር ላይ መሳፈር የማይፈልግ ሰው ግን በዚያ በኩል መመለስ ይችላል።